ሦስተኛው ቅጽ

ናርቫ ውስጥ፥ ከወንዙ ወዲህ፥ አንድ ግንብ ቆሟል፤
ከወንዙ ወዲያ የሌላ አገር ግንብ አፍጥጦ ያየዋል።
ቱሪስት ፎቶ ያነሳል።
እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፥ ከግንቡ ጥላ ሥር አድጌ፥
አንድም ቀን ዘንዶ አልጠበቅሁም፥ ድንጋዩ ላይ ዐይኔን አድርጌ።
ዘንዶ የመጣው ከመደርደሪያ ነው፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ፥ የማሞቂያው ቱቦ ከሚያንኳኳበት፥
ወይዘሮ ሄልቪ መነጽራቸውን ሰቅለው፥ የተመለሰ ከሚቆጥሩበት።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሽፋኑ የላላ፥ ጥጉ የታኘከ፥
ከእኔ በፊት ስንት እጅ ያሸው፥ ስንት ዐይን ያንበረከከ።
ኔሪት የምትባል ጨው ለቃሚ ልጅ፥ የቆሰለ ዘንዶ አግኝታ፥
ቁስሉን በጨው ስታጥብለት፥ እሱም ሲያገሳ፥ እሷም ፈርታ...
ከዚያ ወዲያ ምኑን ልንገራችሁ!
ዘንዶው ፊዚክስ ደብተሬ ገባ፤ ከስበት ሕግ ጋር ተኛ።
መምህር ኡርማስ ደርሰው ነጠቁኝ፤ «ምንድን ነው ይሄ? የሕፃን ማስተኛ!»

አልመለስኩላቸውም። ምን ብዬ?
አባቴ ከኃይል ማመንጫው፥ አመድ አመድ እየሸተተ ሲገባ፥
እናቴ ሳህን አቅርባ ዝም፥ ማንኪያና ሳህን ብቻ ሲግባባ፥
እኔ በብርድ ልብስ ድንኳን፥ በስልኬ መብራት፥
ሠራዊት ስመራ አነጋሁ ልበል? በየትኛው አንደበት?
ቤት በሩስኛ ስንቆጣ፥ ክፍል በኤስቶንኛ ስንፈተን፥
ዘንዶው ብቻ ነበር ሰዋስዋችንን ሳያርም የሚያዳምጠን።

አንደኛውን ቅጽ በሦስት ቀን፥ ሁለተኛውን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት።
ኔሪት ከገደል አፋፍ ቆማ፥ የዘንዶው ክንፍ ተሰብሮ፥ እዚያ ላይ ተውኩት።
ሦስተኛው የለም።
«ወጥቷል» አሉ ሄልቪ፤ «ግሌብ የሚባል ልጅ ወስዶት አልመለሰም።»
ማክሰኞ ማክሰኞ ሄድኩ። በረዶ ወረደ። በረዶ ቀለጠ። ግሌብ አልመጣም።
ማስመጣት ይቻላል ተባለ፤ ዋጋው ግን የሳምንት አስቤዛ፤
ከመደብሩ ወጣሁ፥ እንደ ፈዛዛ።
ክሪስቲ መጨረሻውን ልንገርሽ ስትል፥ ጆሮዬን ደፍኜ ሮጥኩ።

አንድ ሌሊት፥ ከኬሚስትሪ ደብተሬ ጀርባ፥ ራሴ መጻፍ ጀመርኩ።
ክንፉን በዓሣ መረብ ሰፋሁለት። ኔሪትን ከገደሉ አወረድኩ።
ክፉ አክስቷን ገደልኩ፤ አሳዘነችኝ፤ በማግሥቱ አስነሳኋት።
ወንዝ አስገባሁ፥ የእኛን ወንዝ፥ ግንብ ከወዲህ ግንብ ከወዲያ አቆምኩበት፤
ድልድዩ ላይ አንድ ዘብ ወጥቶ «ፓስፖርት!» ብሎ ዘንዶው ላይ ጮኸበት።
አክስቴ ዞያ ከማዶ ናት። ሰልፉ ሲረዝም የአንድ ቀን መንገድ፥
በዘንዶ ግን አንድ የክንፍ ምት፤ ሻይዋ ሳይበርድ ደርሶ ለመሄድ።

ሰኔ ላይ የግሌብ እናት መጡ።
እሱ ሥራ ፍለጋ ፊንላንድ ከሄደ ቆይቷል፤ መጽሐፉ ከአልጋው ሥር ተገኘ።
የመርከብ ትኬት ምልክት ሆኖ፥ ገጽ ስልሳ ላይ እንደተገኘ!
ያን ሁሉ ክረምት ያስለቀሰኝ ሰው፥ ስልሳ ገጽ።
አነበብኩት፤ በአንድ ቀን፥ ቆሜ፥ ተቀምጬ፥ አውቶቡስ አልፎኝ።
ልዋሽ አልችልም፤ ጥሩ ተጽፏል። ገደሉ ራሱ አዞረኝ።
ኔሪት ዘውድ ደፋች።
ዘንዶው ሞተ።
ከዘውዱ በፊት፥ በግማሽ ገጽ፥ ለእሷ ሲል፥ ሞተ።

ቀኑ ሳያልፍ መለስኩት።
«እንዴት ነበር፥ ዝላታ?» አሉኝ ሄልቪ፤ መነጽራቸውን አወረዱ።
«ጥሩ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ማኅተሙን መትተው ወደ ቦታው ወሰዱ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ደብተሩ ከእኔ ጋር አለ፤ ቀለሙ ደብዝዞ።
ዘንዶው ከሞላር ስሌት ቀጥሎ ቆሟል፥ በመረብ የተሰፋ ክንፉን ይዞ፥
በድልድዩ ሰልፍ መካከል፤ ከኋላው አሮጊት ከነዘንቢሏ።
ዘቡ ፓስፖርቱን ያገላብጣል፤ ፎቶውን ያያል፤ ፊቱን ያያል።
«እለፍ» የምትለውን ቃል
ሆነ ብዬ አልጻፍኳትም።